"አንቺ" ስድብ የሚሆንበት ዕድሜ፦ ጉርምስና፣ የጾታ ሚና እና የልጆች ሥነ ልቦና

በአማርኛ አንድ ደስ የሚል ልማድ አለ። እናት ትንሽ ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ "አንቺ፣ ነይ እስኪ" ትለዋለች። ትንሿን ሴት ልጇን ደግሞ "አንተ፣ ና ብላ" ትላታለች። ማንም ቅር አይለውም፤ ፍቅር ነው። ልጁ 12 ወይም 13 ዓመት ሲሞላው ግን ያው "አንቺ" ጠብ ያስነሳል። በክፍል ልጆች ፊት "አንቺ" የተባለ ወንድ ልጅ ወይ ይደባደባል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ ይሰነብታል። ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው የልጁ ዕድሜ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ዓይንም እንዲሁ።

ሴቶቹ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ጓደኛሞች እርስ በርስ "አንተ" መባባሉን እስከ ዩኒቨርሲቲ ይዘልቁታል። ጎበዝ ሥራ የሠራች ልጅ "ወንዳታ!" ተብላ ትመሰገናለች። ወንድ ልጅን "ሴታ ሴት" ማለት ግን በየትኛውም ሰፈር ምስጋና ሆኖ አያውቅም።

ይህች የቋንቋ ነገር ትንሽ ትመስላለች። ግን ጉርምስና ላይ ምን እንደሚሆን ጥሩ አድርጋ ታሳያለች። በዚህ ዕድሜ ወንድና ሴት መሆን ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። ደንብ ይሆናል፣ ጠባቂም ይኖረዋል።

ሦስት መልስ ያለው ጥያቄ

ሴት ላይ የደረሰ ከባድ ጥቃት በተሰማ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። "ለመሆኑ ወንዶቻችንን እንዴት ነው የምናሳድገው?" ይባላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ "ሴት ልጆቻችንስ ምን ነካቸው? የዘንድሮ ልጅ እኮ አልጨበጥ አለ።" መልሶቹ ሦስት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ ወገን "ተፈጥሮ ነው፤ ሆርሞን ነው" ይላል። ሁለተኛው "ባህላችን ነው ያበላሸን" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ስልክ ነው፣ ቲክቶክ ነው" ብሎ ይደመድማል።

ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ችግሩ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ላይ ነው። ሰውነት የሚያመጣው ለውጥ አለ። ለውጡን "እንዲህ ማለት ነው" ብሎ የሚተረጉመው ግን ቤተሰብ፣ ሰፈርና ጓደኛ ነው። ስልኩ ደግሞ ትርጉሙን በፍጥነት ያሰራጫል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለአንድ ነገር ነው። ታዳጊ ማንነቱን የሚሠራው በመሞከር ነው። የጾታ ሚና ደግሞ ማን ምን መሞከር እንደሚችል ይወስናል። ስለዚህ ሚናው ሥራ ማከፋፈያ ብቻ አይደለም። አእምሮ የሚሠራበትን መንገድ ራሱን ይነካል።

ቃላቱን እናጥራ

"ጾታ" ስንል በተፈጥሮ የሚመጣውን፣ የሰውነትን ነገር ማለታችን ነው። "ስርዓተ ጾታ" ሌላ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ከወንድና ከሴት የሚጠብቀውን ባሕርይ፣ ሥራና ቦታ ያመለክታል። እርሻ የወንድ፣ ማጀት የሴት መሆኑ ስርዓተ ጾታ ነው። ጡት ማጥባት ጾታ ነው፤ ዳይፐር መቀየር ግን ስርዓተ ጾታ ነው። ብዙ ሰው "ስርዓተ ጾታ" ሲባል "የሴቶች ጉዳይ" ብቻ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከውጭ የመጣ አስተሳሰብ አድርጎ ይሰማዋል። ቃሉ አዲስ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን አያቶቻችን ቤት ውስጥ የነበረ ነው።

"ጉርምስና" የሚለውም ቃል ራሱ ልብ ይባል። የመጣው ከ"ጎረምሳ" ነው፤ ጎረምሳ ደግሞ ወንድ ነው። ሴቷ "ኮረዳ" ናት። ለሁለቱም የምንጠቀምበት ቃል ከአንዱ የተወሰደ ስለሆነ የሴቷን ጉርምስና ለመናገር ቋንቋው ራሱ ትንሽ ያንቀዋል። የጤና ባለሙያዎች አሁን "አፍላ ወጣትነት" የሚሉት አንድም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜውን ከ10 እስከ 19 ያደርገዋል።

"ማንነት" የሚለውም ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ጋ ማንነት ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ብሔር ነው። የሥነ ልቦና ሰዎች ግን ሰፋ አድርገው ይጠቀሙበታል። "እኔ ማን ነኝ? ምን እችላለሁ? ወዴት እሄዳለሁ?" ለሚሉት ጥያቄዎች አንድ ሰው ለራሱ የሚሰጠው መልስ ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን የጉርምስና ዋናው ሥራ ይህን መልስ መፈለግ ነው ብለው ነበር።

ሰውነትና አንጎል ላይ የሚሆነው

ጉርምስና የሚጀምረው አንጎል ውስጥ ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው ትንሽ ክፍል ፒቱታሪ ለሚባለው ዕጢ ምልክት ይልካል። ዕጢውም በሴቷ እንቁልጢውን፣ በወንዱ የዘር ፍሬውን ይቀሰቅሳል። ከዚያ ኢስትሮጅንና ቴስቶስቴሮን የሚባሉት ሆርሞኖች ሰውነትን መቅረጽ ይጀምራሉ። ሴቶች ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ወንዶች ላይ ከ9 እስከ 14 ነው። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከኋላ የሚቀመጡት ረጃጅሞቹ ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው።

ይህ የጊዜ ልዩነት ቀላል አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ ሰውነቷ ትልቅ ሰው ሊመስል ይችላል። አሳቧ ግን ገና የልጅ ነው። ዙሪያዋ ያሉት ሰዎች የሚያዩት ሰውነቷን ስለሆነ ደንቡ የሚወጣላት በሰውነቷ ልክ ነው። "አሁንማ ትልቅ ሴት ሆነሻል" የሚለው ቃል ከአሳቧ ቀድሞ ይደርሳታል።

አንጎሉም እኩል አያድግም። ስሜትንና ደስታን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ቀድሞ ይነቃል። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ረጋ ብሎ የሚያመዛዝነው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። ለዚህ ነው ታዳጊ ለአዲስ ነገር የሚጣደፈው፤ ለሰው ዓይንም እንዲህ ስሱ የሚሆነው።

እ.አ.አ በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ ያወጡት ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ተሳታፊዎች በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ ይጫወታሉ። ግማሾቹ ብቻቸውን፣ ግማሾቹ ጓደኞቻቸው እያዩዋቸው። አዋቂዎቹ ላይ ልዩነት አልታየም። ታዳጊዎቹ ግን ጓደኛ ሲያያቸው በግልጽ የበለጠ አደጋ ውስጥ ገቡ። ይህን እንያዘው፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ታዲያ የወንድና የሴት አእምሮ ምን ያህል ይለያያል? ጃኔት ሃይድ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.አ.አ በ2005 ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለሉ 46 ግምገማዎችን አንድ ላይ አዩ። ከተመዘኑት የሥነ ልቦና ልዩነቶች 78 በመቶው ወይ ትንሽ ነው፣ ወይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። እንደ መወርወር ኃይል ባሉ ጥቂት ነገሮች ሰፊ ልዩነት አለ። በሒሳብ፣ በቋንቋ ችሎታ፣ ለራስ በሚሰጥ ግምት ግን ሁለቱ ከሚለያዩት ይልቅ የሚመሳሰሉት ይበዛል። ይህ ማለት ሆርሞን ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ያደርጋል። ግን ወንድሟ ኳስ ሜዳ እሷ ማጀት የሚውሉበትን ምክንያት ሆርሞን ብቻውን ሊነግረን አይችልም።

ሚናው በጉርምስና ይጠብቃል ወይ?

እ.አ.አ በ1983 ጆን ሂልና ሜሪ ኤለን ሊንች አንድ መላምት አቀረቡ። ልጆች ጉርምስና ሲደርሱ "እንደ ወንድ ሁን፣ እንደ ሴት ሁኚ" የሚለው ጫና ከወላጅም፣ ከጓደኛም፣ ከመምህርም ይጨምራል፤ ስለዚህ ልጆቹም በጠባያቸው እየተራራቁ ይሄዳሉ አሉ። ለብዙ ዓመት ይህ እንደ እውነት ተያዘ።

እ.አ.አ በ2009 ግን ሄዘር ፕሪስ፣ ሳራ ሊንድበርግና ጃኔት ሃይድ አሜሪካውያን ልጆችን በ11፣ በ13 እና በ15 ዓመታቸው ተከታትለው ሲያዩ የተባለው መራራቅ አልታያቸውም። ሴቶቹ ከፍ ያለ "የሴት" የሚባል ባሕርይ ነበራቸው። ዕድሜያቸው ሲጨምር ግን ልዩነቱ አልሰፋም። "የወንድ" በሚባሉት ባሕርያት ደግሞ ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ።

ታዲያ ማን ልክ ነው? በእኔ እይታ ሁለቱም ጥናት የራሱን ቦታና ጊዜ ያሳያል። በዘንድሮዋ አሜሪካ የምታድግ ልጅ ቤቷ ውስጥ የምታየው የሥራ ክፍፍል ከ1983ቱ የተለየ ነው። ጫናው ሲላላ መራራቁም ይላላል። ጫናው ያልላላበት አገር ጥናቱን እንዳለ አምጥቶ "እንግዲህ ችግር የለም" ማለት ግን አያስኬድም።

የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የዓለም ጤና ድርጅት አብረው ያስጀመሩት ሰፊ ጥናት ይህን ያጠናክራል። ጥናቱ በ15 አገሮች ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወላጆቻቸውን አነጋግሯል። ኬንያና ግብፅ ውስጡ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ግን አልነበረችም። እ.አ.አ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ አገሮቹ እንዲህ ተራርቀው አንድ ሐሳብ ግን የጋራቸው ሆኖ ተገኘ። ሴት ደካማና ጥበቃ የምትሻ፣ ወንድ ብርቱና ራሱን የቻለ ነው የሚል። ሴት ልጅ ደንቡን ትንሽ ብታልፍ በመጠኑ ትታለፋለች። ወንድ ልጅ ወደ "ሴት ነገር" ከቀረበ ግን ይሾፍበታል፣ ይገፋል፣ ይመታል። "ወንዳታ" እና "ሴታ ሴት" ማለት ይኸው ነው።

ከ11 ሰዓት በኋላ

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ልጅና የ12 ዓመት እህቱ አሉ እንበል። ሁለቱም ከትምህርት ቤት 10 ሰዓት ተኩል ይመለሳሉ። ቦርሳቸውን አንድ ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ መንገዱ ይለያያል። እሱ ምሳ የተረፈውን በልቶ፣ ሳህኑን እዚያው ትቶ፣ ኳስ ፍለጋ ይወጣል። እሷ ሳህኑን ታነሳለች። ቤቱን ጠራርጋ ከሰል ታቀጣጥላለች። ቡና ይፈላል፤ ስኒ ታጥባለች። ሽንኩርት ትከትፋለች። 12 ሰዓት ካለፈ ሱቅ የሚላከው እሱ ነው፤ "ሴት ልጅ በዚህ ሰዓት አትወጣም" ይባላል። እሷ ደብተር የምትከፍተው እራት ከተበላና ከታጠበ በኋላ ነው። ያኔ ዓይኗ በእንቅልፍ ይከደናል።

ልዩነቱ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው እንበል። በሳምንት 14 ሰዓት ይሆናል። በ40 ሳምንት የትምህርት ዓመት 560 ሰዓት ነው። በገጠር ደግሞ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ሲጨመርበት ከዚህ ይብሳል።

ብዙ ጊዜ ይህን የምናየው እንደ ጥናት ሰዓት መቀነስ ነው። ነገሩ ግን ከዚያም ያልፋል። ሰዓቱ እሱን ምን ሰጠው? ሜዳ ላይ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይሸነፋል፣ ቡድን ይመራል። ያልታወቀ ሰፈር ሄዶ መንገድ ጠፍቶት ይመለሳል። እነዚህ ሁሉ ሙከራዎች ናቸው። "ምን እችላለሁ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው እዚያ ነው። እሷ በዚያው ሰዓት ጠቃሚ ነገር አልተማረችም ማለት አይደለም። ኃላፊነት፣ ጥንቃቄ፣ የሰው ስሜት ማንበብ ተምራለች። ግን የምትሞክረው አንድ ሕይወት ብቻ ነው፤ የእናቷን።

ጄምስ ማርሲያ የተባሉት የሥነ ልቦና ሰው እ.አ.አ በ1966 የኤሪክሰንን ሐሳብ አስፍተው የማንነት ፍለጋን በአራት ሁኔታ ከፈሉት። ከአራቱ አንዱ ሳይፈልጉ የተገኘ ማንነት ነው። ሰውየው መልስ አለው። መልሱን ግን ያመጣው ፈልጎ አይደለም፤ ሌሎች ሰጥተውት ነው። በሩ ሳይከፈት ተዘግቷል። ልጅነት ላይ የሚፈጸም ጋብቻ የዚህ ጫፍ ነው።

በ2016 እ.አ.አ የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ ያገቡት 18 ሳይሞላቸው ነው። ከ25 እስከ 49 ካሉት ሴቶች ግማሹ በ17.1 ዓመት አግብተው ነበር። በወንዶቹ ይኸው ቁጥር 23.7 ነው። የስድስት ዓመት ተኩል ልዩነት አለ ማለት ነው። አንድ ወንድ እነዚያን ዓመታት ለመማር፣ ለመሥራት፣ ለመሳሳትም አገኛቸው። ሚስቱ ግን አላገኘቻቸውም።

ሕጉ ይህን አይፈቅድም። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አድርጎታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ግን ቤተሰቡ የሚፈራው ፍርድ ቤትን ብቻ አይደለም። "ስሟ ጠፋ"፣ "ቆማ ቀረች" የሚለውን የጎረቤት ቃልም ይፈራል። ብዙ ወላጅ ልጁን ቀድሞ የሚድረው ስለጠላት አይደለም። ሊጠብቃት ብሎ ነው። ይህን ሳይረዱ ወላጅን መኮነን ብዙ አያራምድም።

በአእምሮ ጤና በኩልም ክፍተቱ በዚሁ ዕድሜ ይከፈታል። በልጅነት በድባቴ የሚያዙ ወንዶችና ሴቶች ቁጥር ብዙም አይራራቅም። ከ12 እና 13 ዓመት ጀምሮ ግን የሴቶቹ ከወንዶቹ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይህን ያሳያሉ። አንዳንዶች ምክንያቱን ሆርሞን ላይ ያደርጋሉ። ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ ትኩረታቸውን ያደረጉት ማብሰልሰል ላይ ነው። ሴቶች ጭንቀትን ደጋግሞ በውስጥ ማመላለስ ይቀናቸዋል ብለዋል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ወጥቶ መጮህ፣ መሮጥ፣ መጣላት የተከለከለች ልጅ ጭንቀቷን ከማብሰልሰል ሌላ የት ልትወስደው ትችላለች?

"ወንድ ነህ፣ ቻል"

የወንዱ መንገድ ሰፊ ነው ሲባል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ አባቱ ሞቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል እንበል። ለቀስተኛ ሁሉ ጎንበስ እያለ "አይዞህ፣ ወንድ ነህ" ይለዋል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ትከሻውን ይዘው "እንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፤ እናትህን አደራ" ይሉታል። በቅን ልብ ነው። ልጁ ግን በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛው አባቱን ነው። ሁለተኛው የማልቀስ ፈቃዱን ነው። አጠገቡ ያለችው እህቱ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች፤ ሰው ይዞ ያጽናናታል። እሱን የሚይዘው የለም።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ናዮቢ ዌይ ወንድ ልጆችን ለዓመታት አነጋግረዋል። በጉርምስና መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ ስለ ቅርብ ጓደኛቸው ሲያወሩ "ሚስጥሬን የምነግረው እሱ ነው" ይላሉ። ወደ ጉርምስና መጨረሻ ግን ያ ቅርበት ይጠፋል። ብዙዎቹ እንደሚናፍቁት ይናገራሉ፤ ግን "የሴት ነገር" እንዳይመስልባቸው ይፈራሉ።

ይህ አሜሪካ ነው። እኛ ጋ ትንሽ ይለያል። በአገራችን ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው መንገድ ላይ ቢሄዱ ወዳጅነት ነው። ሰውነት ለፍቅር ክፍት ነው። የተዘጋው አንደበት ነው። "ፈራሁ"፣ "ከበደኝ"፣ "አልቻልኩም" የሚሉት ቃላት ከጎረምሳ አፍ አይጠበቁም። የሚፈቀደው ስሜት ንዴት ነው። ሐዘንም፣ ፍርሃትም፣ ውርደትም በንዴት በር ብቻ እንዲወጡ ሲደረግ ምን እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም። ጠብ ይመጣል። መጠጥና ጫት ይመጣል። በብዙ አገሮች ራሳቸውን ከሚያጠፉት መካከል ወንዶች የሚበዙትም፣ እርዳታ ለመጠየቅ የሚዘገዩትም ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ባለሙያዎች ያምናሉ።

ሌላም አለ። ወንድ "አምጪ" ነው፤ ማምጣት አለበት። እ.አ.አ ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሦስት ሺህ ልጆችን የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። ከተከታተላቸው ታላላቆቹ ልጆች መካከል በ19 ዓመታቸው ትምህርት ላይ የቀሩት ሴቶች በመጠኑ ከወንዶቹ ይበልጡ ነበር። ብዙ ወንዶች ወደ ከብት ጥበቃ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ቀን ሥራ ሄደዋል። ስለዚህ "ሴት ተጎዳች፣ ወንድ ተጠቀመ" የሚለው ቀላል ስሌት አይሠራም። ሁለቱም የሚከፍሉት አላቸው፤ የሚከፍሉት ነገር ነው የሚለያየው።

ደንቡን የሚጠብቀውም ወንድ ብቻ አይደለም። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለው የመለሱት ከሴቶቹ 63 በመቶ ናቸው። ከወንዶቹ 28 በመቶ። ይህን ቁጥር ይዞ ሴቶችን መውቀስ ይቻላል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። በ12 ዓመቷ "ቻይው" የተባለች ልጅ በ30 ዓመቷ መቻልን እንደ ልክ ብትቆጥረው አይገርምም። ያደገችበት ነዋ።

ስልኩና ባሕር ማዶው

ስልክ አዲስ ደንብ ያመጣ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያመጣው አሮጌውን ደንብ በአዲስ ልብስ ነው። ለወንዱ "ጠንክር፣ ገንዘብ አምጣ፣ ሴት አትመን" ይላል። ለሴቷ "ቆንጆ ሁኚ፣ ተፈለጊ" ይላል። ትልቁ ልዩነት የሚያየው ዓይን ብዛት ነው። ድሮ የሰፈር ልጅ ነበር የሚያሾፈው። አሁን ሺዎች ናቸው። ታዳጊ ለሰው ዓይን ያለውን ስስነት ካስታወስን ሸክሙ ይገባናል።

ወደ ዓረብ አገር የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ሚናውን ገልብጦታል። በ2016 እ.አ.አ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 አድርጎ ነበር። ሆኖም ዕድሜ ጨምረው የሄዱ ታዳጊዎች ነበሩ። የ16 ዓመት ልጅ ለቤተሰቡ ቆርቆሮ የምትልክ፣ ወንድሟን የምታስተምር ሆነች። "አምጪ" የወንድ ነው የሚለው ደንብ በተግባር ፈረሰ። ስትመለስ ግን የሚጠብቃት ጥያቄ ያው "መቼ ነው የምታገቢው?" ነው። ገንዘቧ ሚናዋን አሰፋው፤ ግምቱን ግን አልለወጠውም።

አሜሪካና እስራኤል ባሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ውጥረቱ ሌላ መልክ አለው። ወንዱ ሲያመሽ "የት ነህ?" የሚል የስልክ ጥሪ ይደርሰዋል፤ እህቱ ግን ጭራሽ አትወጣም። ትምህርት ቤት ውስጥ እኩል ነሽ ትባላለች፤ ቤት ስትገባ ሌላ ሕግ አለ። ልጅቷ በቀን ሁለት ጊዜ ደንብ ትቀይራለች። አንዳንዷ ይህን ችላ ሁለት ቋንቋ እንደሚናገር ሰው ትሆናለች። አንዳንዷ ግን ትደክማለች።

ምን ይለውጠዋል?

በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ የገጠር ቀበሌ እ.አ.አ ከ2004 እስከ 2006 "ብርሃን ሔዋን" የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰባሉ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ያገኛሉ፤ መንደሩ ቁጭ ብሎ ስለ ጋብቻ ይወያያል። ልጅቷ ሳታገባ ፕሮግራሙን ከጨረሰች ቤተሰቡ አንዲት የምትረባ እንስሳ ያገኛል። ውጤቱ ሲታይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ከሌለበት አካባቢ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ላይ የመሆን ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። የማግባት ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ግን ተቃራኒው ታየ፤ ከማነጻጸሪያው አካባቢ ይልቅ እነሱ ዘንድ ጋብቻው በዛ። ፕሮግራሙ ጋብቻን አዘገየ እንጂ አላስቀረም። ሆኖም በ12 እና በ16 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ አእምሮ ትንሽ አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው ደንብ በስብከት ብቻ እንደማይለወጥ ነው። ልጅቷን ትምህርት ቤት ማቆየት ለቤተሰቡ የሚያዋጣ ሲሆን ደንቡ ይላላል። ተቃራኒውም እውነት ነው። በ2022 እ.አ.አ ድርቅ ክፉኛ በመታቸው የኢትዮጵያ ክልሎች ያለዕድሜ ጋብቻ ከቀደመው ዓመት በአማካይ በ119 በመቶ መጨመሩን ዩኒሴፍ ገልጾ ነበር። ባህሉ በአንድ ዓመት አልተለወጠም። የተለወጠው ጎተራው ነው። ጦርነት ትምህርት ቤት በዘጋበት ቦታም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። የምትውልበት ክፍል የሌላት ልጅ ቀጣዩ ቦታዋ ማጀት ወይም የሰው ቤት ይሆናል።

የሴቶቹ ፕሮግራም በረከተ፤ የወንዶቹ ግን ገና ነው። በየትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ አለ። ሴቶቹ ስለ የወር አበባ፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ መብት ይማራሉ። ወንዶቹ በዚያ ሰዓት ውጭ ኳስ ይጫወታሉ። ከዚያ ሁለቱ አንድ ክፍል ይገባሉ፤ በዴስኩ ላይ ጠብታ ደም ያየ ልጅ ይስቃል፤ ልጅቷ ሳምንቱን ትቀራለች። ትምህርቱ የተሰጠው ለማያስፈልገው ወገን አልነበረም፤ ግን ለግማሹ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ያ የመኪና ጨዋታ ሙከራ የሚመለሰው። አሁን በከተማ ብዙ እናት ወንድ ልጇን ወጥ መሥራት አስተምራለች። ልጁ ይችላል። ሽንኩርቱን ቀይ እስኪሆን ያቁላላል፣ በርበሬውን በልኩ ይጨምራል። ብቻውን ሲሆን ደስ ብሎት ይሠራል። የግቢው በር ሲንኳኳና የጓደኛው ድምፅ ሲሰማ ግን ማማሰያውን እህቱ እጅ ላይ ጥሎ ይወጣል። እናቱ አሳምናዋለች፤ እሱም አምኗል። ያላመነው በር ላይ የቆመው ነው። ስለዚህ አንድን ልጅ ለብቻው መምከር ግማሽ መንገድ ነው። አምስቱንም ጓደኛሞች አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር፣ አንድ ላይ ማሠራት ያስፈልጋል። በር የሚያንኳኳው ልጅም ገብቶ ሽንኩርት የሚልጥ ከሆነ ማማሰያው የሚጣልበት ምክንያት አይኖርም።